በ32 ፓውንድ ቀስት ተርኪ ማደን ይፈቀዳል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ትከሻዬን ካመመኝ ወዲህ የኮምፓውንድ ቀስቴን (መዘውር ያለውን) የመሳቢያ ክብደት ወደ 32 ፓውንድ አውርጄዋለሁ። በመጪው ስፕሪንግ ተርኪ ላድንበት አስቤ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ ‹ከ35 በታች ክልክል ነው› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹ቨርጂኒያ 125 ያርድ የሚወረውር ቀስት ነው የምትፈልገው፣ ያንተ አይደርስም› አለ። ሲመታ የሚከፈት ባለ 2 ኢንች የፍላጻ ስለት ገዝቻለሁ፤ እሱም አይፈቀድም ተባልኩ። ክሮስቦው ብገዛ ይሻለኛል? የቀስት ላይሰንስ ለብቻው ያስፈልጋል? አንዳንዴ ሜሪላንድ ዘመዶቼ ጋ፣ አንዳንዴም ፔንሲልቬንያ ስለምንሄድ ለሦስቱም ቢነገረኝ ደስ ይለኛል።»

ምላሽ፦ በ32 ፓውንድ ቀስትዎ ቨርጂኒያ ውስጥ ተርኪ ማደን ይችላሉ። ሜሪላንድም ይችላሉ። ፔንሲልቬንያ ግን አይችሉም። የመጀመሪያው ጓደኛዎ የነገረዎት የጎረቤት ስቴት ሕግ ነው። ሁለተኛው የቨርጂኒያን ሕግ በትክክል ሰምቷል፤ የተረዳው ግን በስህተት ነው። ስለቱን አይፈቀድም ያለዎት ሰው ተሳስቷል። ያም ሆኖ ያንን ስለት በዚህ ቀስት እንዲጠቀሙ አልመክርም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «የአሜሪካ ሕግ ምን ይላል?» ብሎ ሲጀምር ነው። ለተርኪ ቀስት እንደዚያ የሚባል አንድ ሕግ የለም። ዳክዬና ዝይ ተሰዳጅ ወፎች ስለሆኑ የፌዴራል መንግሥቱ ይቆጣጠራቸዋል። ተርኪ አይሰደድም። ስለዚህ ሲዝኑንም፣ ሰዓቱንም፣ መሣሪያውንም የሚወስነው እያንዳንዱ ስቴት ነው። የፖቶማክን ድልድይ ተሻግረው ሜሪላንድ ሲገቡ መኪናዎ ውስጥ ያለው ቀስት ያው ነው፤ የሚለካበት መስፈርት ግን ሌላ ነው። ከዚያ ሰሜን ሄደው ፔንሲልቬንያ ሲገቡ ደግሞ እንደገና ይለወጣል።

ሦስቱ ስቴቶች የቀስትን ጉልበት የሚለኩት በተለያየ መንገድ ነው። ሜሪላንድ ለእጅ ቀስት ቢያንስ 30 ፓውንድ መሳቢያ፣ ማለትም ገመዱን ለመሳብ የሚያስፈልግ ኃይል፣ ትጠይቃለች፤ ለክሮስቦው (እንደ ጠመንጃ በቃታ ለሚተኮሰው ቀስት) 75 ፓውንድና የሚሠራ ሴፍቲ። ፔንሲልቬንያ ከበድ ታደርገዋለች፤ ለእጅ ቀስት 35፣ ለክሮስቦው 125 ፓውንድ። ቨርጂኒያ የፓውንድ ቁጥር አታስቀምጥም። የምትለው ቀስቱ ባለ ስለት ፍላጻን ቢያንስ 125 ያርድ መወርወር የሚችል ይሁን ነው። እንግዲህ የእርስዎ 32 ፓውንድ የሜሪላንድን መስመር በ2 ፓውንድ ያልፋል፣ ከፔንሲልቬንያው ግን በ3 ፓውንድ ያንሳል።

አሁን ወደ 125 ያርዱ። ይህ ቁጥር ብዙ ጀማሪ ያስደነግጣል። 125 ያርድ ወደ 114 ሜትር ነው። በዚህ ርቀት ማንም ጤነኛ አዳኝ ተርኪ ላይ ቀስት አይስብም፤ ሕጉም እንዲያ አይልም። ቁጥሩ የቀስቱ ጉልበት መለኪያ ብቻ ነው። ፍላጻው መሬት እስኪነካ ስንት ይሄዳል ነው ጥያቄው። ተርኪን ከዚያ ርቀት ምቱ ማለት አይደለም።

የእርስዎ ቀስት ያንን ያሟላል ወይ? በሂሳብ እንየው። በ32 ፓውንድ የተስተካከለ ዘመናዊ ኮምፓውንድ አደን ላይ የሚሆን ፍላጻን በሰከንድ 170 ጫማ ይወረውራል እንበል። የአየር ግጭት ባይኖር፣ ወደ ላይ በ45 ዲግሪ ቢለቀቅ፣ ወደ 300 ያርድ ይሄድ ነበር። አየሩና የስለቱ ስፋት ብዙ ቢቀንሱበትም ከ125 በታች አያወርዱትም። ስለዚህ ቨርጂኒያ ላይ ስጋት የለብዎትም። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ይህንን ለመሞከር ብለው ፍላጻ ወደ ሰማይ እንዳይለቁ። የት እንደሚወርድ አያውቁትም፤ የሚወርደው ደግሞ ምላጭ የታሰረበት ዘንግ ነው። ቀስት የሚሸጥ ሱቅ ይሂዱ። የፍጥነት መለኪያ አላቸው፣ ሁለት ሦስት ፍላጻ ቤት ውስጥ ተኩሰው ቁጥሩን ያገኛሉ።

እዚያው እያሉ መሳቢያውንም በሚዛን ያስለኩ። 32 ያሉኝ በሚዛን የተለካ ነው ወይስ ብሎኑን ስንት ዙር እንደፈቱ ቆጥረው የገመቱት? ግምት ከሆነ እውነተኛው ቁጥር 29 ሊሆን ይችላል። ያኔ ሜሪላንድ ላይ ሕገ ወጥ ነዎት። ኮምፓውንድ ላይ ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ገመዱን ሲስቡ መሀል ላይ ከብዶ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀለል ይልዎታል። 75 በመቶ የሚያቀል ቀስት ከሆነ ጫፍ ላይ እጅዎ የሚይዘው 8 ፓውንድ ብቻ ነው። ይሄን አይተው «ቀስቴ 8 ፓውንድ ሆነ» ብለው የሚደነግጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። የቀስቱ መሳቢያ የሚባለው በጣም የከበደበት ነጥብ ነው፤ የአደን ተቆጣጣሪው ሚዛንም የሚፈልገው እሱን ነው።

ወደ ስለቱ ስንመጣ ሦስቱም ስቴቶች አንድ ቁጥር ላይ ይስማማሉ፦ ቢያንስ 7/8 ኢንች ስፋት። በሚሊሜትር 22.2 ነው። በእጅዎ ለመገመት ከኪስዎ አንድ ባለ 5 ሳንቲም ያውጡ። የ5 ሳንቲሙ ስፋት 21.2 ሚሊሜትር ነው። ስለትዎ ከሱ እኩል ከሆነ አልደረሰም፤ አንድ ሚሊሜትር ይጎድለዋል። የ25 ሳንቲሙ ደግሞ 24.3 ነው። ስለቱ ያንን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከሰፋ ይበቃል። የሚለካው ከአንዱ የስለት ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ነው። ባለ ሦስት ስለት ከሆነ ስለቶቹ ሲሽከረከሩ የሚሠሩት ክብ ስፋት ነው። ፔንሲልቬንያ ከዚህ ሌላ ቢያንስ ሁለት የብረት ስለት እንዲኖረው ትጠይቃለች። የእያንዳንዱ ስለት ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ አንድ ገጽ ላይ እንዲሆንም ታዛለች፤ ሱቅ ውስጥ የሚያዩአቸው አንዳንድ እንደ ጥምዝ የተሠሩ ስለቶች እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

የልምምድ ጫፍ፣ ማለትም ሾጣጣዋ ስለት የሌላት፣ ለተርኪ አትሆንም። ሰው «ወፍ አይደል እንዴ?» ይላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ጥይት በምቱ ኃይልም በመስበርም ይገድላል። ፍላጻ የሚገድለው በመቁረጥ ብቻ ነው። ሾጣጣ ጫፍ ላባውንና ሥጋውን ገፍቶ ቀዳዳ ያበጃል፣ ቀዳዳው ራሱን ይዘጋል፣ ወፉ በርሮ ሄዶ ከሁለት ቀን በኋላ ቁጥቋጦ ሥር ይሞታል። ሕጉ 7/8 ያለው ይሄ እንዳይሆን ነው።

የሚከፈተው ስለትዎ በሕግ ምንም ችግር የለበትም። ቨርጂኒያ በግልጽ ሲመታ ተከፍቶ 7/8 የሚደርስ ስለት ትቀበላለች። ተዘግቶ እያለ ጠባብ ቢሆንም ግድ የለም፤ የእርስዎ ሲከፈት 2 ኢንች ነው፣ ከሚፈለገው እጥፍ በላይ። ችግሩ ያለው ቀስትዎ ላይ ነው። 400 ግሬን (26 ግራም ገደማ) የሚመዝን ፍላጻ በሰከንድ 170 ጫማ ሲሄድ የሚይዘው ጉልበት 26 ፉት-ፓውንድ አካባቢ ነው። ያው ፍላጻ ከ60 ፓውንድ ቀስት በ270 ጫማ ቢወጣ 65 ይይዛል። የእርስዎ ከዚያ ከግማሽም ያነሰ ነው። የሚከፈት ስለት ደግሞ ስለቶቹን ለመክፈት ብቻ ከዚያች ጉልበት ላይ ይበላል። ከዚያ 2 ኢንች የሚያህል ሥጋ እየቆረጠ እንዲያልፍ ይጠበቃል። የተርኪ ክንፍ ላባ ቀላል እንዳይመስልዎ፤ አገዳው ጠንካራ ነው፣ እየተደራረበ ነው የሚተኛው። በ32 ፓውንድ የተለቀቀ ባለ 2 ኢንች ስለት ክንፉ ሥር ተሰክቶ ሊቀር ይችላል። የተሰካበት ተርኪ ደግሞ ፍላጻውን ይዞ ይበራል።

ስለዚህ ስለቱን ይመልሱትና በምትኩ የማይከፈት፣ ገና ጫፉ ሲነካ መቁረጥ የሚጀምር፣ ስፋቱ ከ1 ኢንች እስከ 1 ኢንች ከ1/8 የሆነ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ስለት ይግዙ። ሦስቱም ስቴት ላይ ሕጋዊ ነው፣ በትንሽ ጉልበትም ያልፋል። ሌላ ጥቅምም አለው። መደበቂያ ድንኳን ውስጥ ሆነው በመረቡ በኩል ከተኮሱ የሚከፈተው ስለት መረቡ ላይ ተከፍቶ አቅጣጫ ሊስት ይችላል፤ የማይከፈተው ግን ቀድዶ ያልፋል። ለልምምድ አንድ ሁለቱን ለይተው ያስቀምጡ። ለአደኑ የሚሆኑት ወረቀት በአየር ላይ ይዘው ሲጎትቱባቸው ሳይቀዱ ጥርት አድርገው መቁረጥ አለባቸው። ሲያጠብቋቸው በጣት አይሁን፤ አብሯቸው የሚመጣ መፍቻ አለ። ጫካ ሳይደርሱ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ስለት ሲቀይሩ የሚቆረጡ የቀስት አዳኞች አሉ።

የተርኪን አንገት ለመቁረጥ ተብለው የሚሸጡ በጣም ሰፋፊ ስለቶችም አሉ፤ ወደ 4 ኢንች የሚጠጉ። ስፋታቸው ከዝቅተኛው ወሰን በላይ ስለሆነ በዚያ በኩል አይከለከሉም። ነገር ግን ቀስቱን ሲስቡ ስለቱ ከቀስቱ አካል ፊት መውጣት ስላለበት ረዘም ያለ ፍላጻ ይፈልጋሉ። ክሮስቦው ላይ አይሆኑም። ለጀማሪ አልመክራቸውም፤ የተርኪ አንገት አንድ ቦታ አይቆምም።

ክሮስቦው ይሻለኛል ወይ ላሉት፦ ለትከሻዎ አዎ፣ ግን በሁኔታ። በሦስቱም ስቴት ለተርኪ ይፈቀዳል። ትልቁ ጥቅሙ ወፉ ፊት ለፊት እያለ ክንድ መሳብ አለመኖሩ ነው። ተርኪ አንገቱን ሳያዞር ዙሪያውን ሊያይ ምንም አይቀረውም፤ የቀስት አዳኝ ብዙ ጊዜ የሚነቃበት ገመዱን ሲስብ ነው። ነገር ግን ክሮስቦው ለመወጠር ራሱ ጉልበት ይጠይቃል። 150 ፓውንድ የሚሆነውን በባዶ እጅ ከወጠሩ ትከሻዎን ያባብሱታል። በገመድ መወጠሪያ ሸክሙ በግማሽ ይቀንሳል። በሚዞር እጀታ የሚወጠረው ግን ለእርስዎ ዓይነት ትከሻ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል፤ ዋጋው ወደድ ቢልም ሌላውን አይግዙ። ኦንላይን በርካሽ የሚሸጡትን በአንድ እጅ የሚያዙ ትንንሽ ክሮስቦዎች ይራቁ። 80 ፓውንድ ተብሎ የተጻፈበት ፔንሲልቬንያ ላይ አያልፍም። ሜሪላንድ ላይ በቁጥር ቢያልፍ እንኳ ለተርኪ የሚሆን ጉልበት የለውም። በአየር ግፊት ፍላጻ የሚተፋ ጠመንጃ ደግሞ ቀስት አይደለም። ስቴቶች በሌላ አንቀጽ ነው የሚያዩት፤ ቀስት የተፈቀደበት ቦታ ሁሉ ይፈቀዳል ብለው እንዳይገዙ።

ክሮስቦው ከገዙ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አውራ ጣትዎ ከገመዱ መሄጃ በላይ ፈጽሞ አይውጣ፤ ገመዱ ሲለቀቅ ጣት ይቆርጣል። የተወጠረና ፍላጻ የተጫነበት ክሮስቦው ደግሞ መኪና ውስጥ አይገባም፤ ያ ለተቆጣጣሪው የተጫነ መሣሪያ ነው። ሳይተኩሱ ከዋሉ ኢላማ ላይ ተኩሰው ያራግፉት።

ላይሰንስን በተመለከተ ቨርጂኒያ ላይ ለስፕሪንግ ተርኪ የሚያስፈልግዎ መደበኛው የአደን ላይሰንስና በላዩ የአጋዘንና ተርኪ ላይሰንስ ነው። የቀስት ላይሰንስ የሚባለው የሚጠየቀው ለቀስት ብቻ በተለየው ሲዝን ነው፤ እሱ ደግሞ በፎል ነው ያለው። በጥቅምት በቀስት ሲዝን ልውጣ ካሉ ያኔ ይግዙት። ብሔራዊ ደን ውስጥ፣ ለምሳሌ በጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ደን፣ የሚያድኑ ከሆነ የደኑ ፈቃድ ይጨመርበታል። ሜሪላንድና ፔንሲልቬንያ የየራሳቸውን የነዋሪ ያልሆነ ሰው ላይሰንስ ይጠይቃሉ፤ የዘመድ ቤት ማደር ነዋሪ አያደርግም። የአዳኝነት ትምህርት ሰርተፊኬትዎ ግን ሦስቱም ጋ ይሠራል።

ቀስቱም ስለቱም ሕጋዊ ሆኖ ሰው የሚቀጣባቸው ነገሮች አሉ። በስልክ ላይ የተርኪ ድምፅ ከፍቶ መጥራት በሦስቱም ስቴት ክልክል ነው። ስልክ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው፤ አፕ ነው ማለት አያድንም። በእጅ ወይም በአፍ የሚሠራ መጥሪያ ይለማመዱ። ቨርጂኒያ ውስጥ ማደኛው ሰዓት የሚጀምረው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። በሲዝኑ የመጀመሪያና ረዘም ባለው ክፍል እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ እስከ ማታ የሚፈቀደው በመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። ሜሪላንድና ፔንሲልቬንያም በዚሁ ዓይነት ነው የሚሄዱት፣ ቀኖቹ ግን ይለያያሉ። በስፕሪንግ በውሻ ማደን የለም። ፍላጻ ላይ መርዝ፣ መድኃኒት ወይም ፈንጂ ነገር ማድረግ ክልክል ነው።

ፔንሲልቬንያ አንድ የተለየ ነገር አላት። በስፕሪንግ ተርኪን ሄዶ አድብቶ መቅረብ አይቻልም። ተቀምጦ ጠርቶ ወደራስ ማምጣት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሕጉ ባይኖር እንኳ እኔ ይህንን በሦስቱም ስቴት እንደ ሕግ እንዲይዙት እፈልጋለሁ። ጫካ ውስጥ ተርኪ የሚመስል ድምፅ ያለበት ቦታ ሁሉ ተርኪ የለም፤ ሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል። በተመሳሳይ ምክንያት በስፕሪንግ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና ጥቁር አይልበሱ። የአውራው ተርኪ ራስ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው፤ ሰውነቱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል። ካልሲ እንኳ ሳይቀር ይመልከቱ፤ ተቀምጠው ሱሪዎ ከፍ ሲል ነጭ ካልሲ ትታያለች።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በስፕሪንግ የሚፈቅዱት ጢም ያለውን ተርኪ ነው። ጢም የሚባለው ከደረቱ የሚንጠለጠለው ሸካራ ጭራ መሳይ ነገር ነው። አንዳንድ ሴቴዎችም ጢም ያበቅላሉ፤ በሕግ አይከለከሉም። ነገር ግን ወቅቱ የመፈልፈያ ስለሆነ ቢተዋቸው ይሻላል። ጢሙን በዓይንዎ ሳያዩ ገመዱን አይልቀቁ።

የቦታው ጉዳይ ለሰሜን ቨርጂኒያ ሰው ከመሣሪያው በላይ ያስቸግራል። ካውንቲዎችና ከተሞች ቀስት የት እንደሚተኮስ የራሳቸውን ደንብ የማውጣት ሥልጣን አላቸው። ከጓሮዎ ተርኪ ቢያዩ ያ ማለት ማደን ይቻላል ማለት አይደለም። የግል መሬት ላይ የባለቤቱን ፈቃድ ይያዙ። እሑድ ቨርጂኒያ ውስጥ ከሄዱ ከማንኛውም የአምልኮ ቤት በ200 ያርድ ውስጥ ማደን ክልክል መሆኑን አይርሱ። ለምንጾመው ሰዎች ሌላም አለ፤ የቨርጂኒያ ሲዝን የሚከፈተው በፈረንጆች ኤፕሪል ሁለተኛ ሳምንት አካባቢ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ሳይፈታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ፋሲካችን ሜይ 5 ሲውል ሲዝኑ ኤፕሪል 13 ተከፍቶ ነበር። ፍሪዘር ላይ ቦታ ያዘጋጁ።

«ሦስት ፓውንድ ምን ታመጣለች?» የሚል ሰው አይጠፋም። ታመጣለች። በፔንሲልቬንያ በ32 ፓውንድ ቀስት የተገደለ ተርኪ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘ ነው። እሱን ጭነው ወደ ቨርጂኒያ ቤትዎ ሲመለሱ ድንበር አሻገሩት ማለት ነው። በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘ የዱር እንስሳን ከስቴት ወደ ስቴት ማጓጓዝ ደግሞ ከ1900 ጀምሮ በቆየው ሌሲ አክት የፌዴራል ወንጀል ነው። ሦስቱ ስቴቶች የአደን ቅጣት መረጃ የሚለዋወጡበት ስምምነት አባላት ናቸው፤ አንዱ ጋ ላይሰንስዎ ከታገደ ሌላውም ጋ ይታገዳል። በግሪን ካርድ ላለ ሰው ሌላ ጣጣ አለ። የዜግነት ማመልከቻው ላይ ታስረው፣ ተከሰው ወይም የቅጣት ወረቀት ተሰጥቶዎት ያውቃል ወይ ተብለው ይጠየቃሉ። የአደን ቅጣት ጥቃቅን ነገር ነው ብለው አይዝለሉት፤ ከደረሰብዎት የኢሚግሬሽን ጠበቃዎን ያማክሩ።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ቀስትዎን በሚዛን አስለክተው 32 መሆኑ ከተረጋገጠ በዚህ ዓመት ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ብቻ ይውጡ። ፔንሲልቬንያን የግድ ከፈለጉ ሁለት መንገድ አለ። ሐኪምዎ ከፈቀደና ሳያምዎ ከሳቡት፣ የቀስቱን ሁለት ክንዶች የሚይዙትን ብሎኖች አጥብቀው ቀስቱን ወደ 37 ያውጡት። 35ን ልክ ላይ አይቁሙ፤ የሱቁ ሚዛንና የተቆጣጣሪው ሚዛን በአንድ ሁለት ፓውንድ ሊለያዩ ይችላሉ። ብሎኑ ከአምራቹ ወሰን በላይ እንዳይዞር የሱቁ ባለሙያ ይሥራልዎ። ትከሻዎ እምቢ ካለ ደግሞ በእጀታ የሚወጠር 150 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ክሮስቦው ይግዙ። ትከሻን እያሳመሙ የተሳበ ቀስት ይንቀጠቀጣል፣ የተንቀጠቀጠ ቀስት ደግሞ ያቆስላል እንጂ አይገድልም። ሁሉንም ከመግዛትዎ በፊት የሚሄዱበትን ስቴት የዘንድሮውን የአደን መመሪያ አውጥተው የቀስት መሣሪያ የሚለውን ገጽ ያንብቡ፤ ደንቦች ይሻሻላሉ፣ እኔ የጻፍኩትም ያንን ገጽ አይተካም።

በ32 ፓውንድ ከሆነ ርቀትዎን 20 ያርድ ላይ ይዝጉት። ከ15 በታች ቢሆን ይመረጣል። ሕጉ ርቀት አይወስንም፤ ይሄ የእኔ ወሰን ነው፣ ጠበቅ አድርጌ የምለውም ሆን ብዬ ነው። አውራው ክንፉን ጥሎ ጅራቱን ሲዘረጋ ሁለት እጥፍ ሆኖ ይታያል። ያ ሁሉ ላባ ነው፤ ልብና ሳንባው የጡጫ ያህል ቦታ ላይ ነው ያለው። ጅራቱን እስኪያጥፍና ጎኑን እስኪሰጥዎ ይጠብቁ። ያኔ የክንፉ መጋጠሚያ ላይ ያነጣጥሩ። ከዚያ ዝቅ ካሉ ጭኑን ነው የሚያገኙት፣ ወደፊት ካለፉ ደግሞ ጡቱን፤ ጡቱ ሥጋ ብቻ ነው፣ ወዲያው አይገድለውም። ጀርባውን ሰጥቶዎት ከቆመ የጅራቱ መነሻ ላይ፣ የአከርካሪው መስመር ላይ ይልቀቁ። ደረቱን ሰጥቶ ወደ እርስዎ እየመጣ ከሆነ ይተዉት፣ ይዞራል።

ከተመታ በኋላ ከወደቀበት አቅጣጫ ዓይንዎን አያንሱ። ደሙን ላባው ስለሚመጠው እንደ አጋዘን መሬት ላይ ዱካ አይተውም። ካገኙት በኋላ ቨርጂኒያ ከሆኑ ከቦታው ሳያነሱት ላይሰንሱ ላይ ያለውን የተርኪ መለያ (ታግ) ይቁረጡ፣ ከዚያ በስቴቱ የዱር እንስሳት መምሪያ አፕ ወይም ስልክ ያስመዝግቡት። ሜሪላንድና ፔንሲልቬንያም የየራሳቸው የመለያና የማስመዝገቢያ ደንብ ስላላቸው ላይሰንሱን ሲገዙ መለያው አብሮ መሰጠቱን ይመልከቱ።